ስለ ዓሣና ስለ ባዜቃ
(ለሐርጌሳ ከተማ ነዋሪዎችና ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ወደ ሐርጌሳ የሚመጣው ዓሣ አብዛኛው ከበርበራ ወደብ ነው። ገዢው ስንጥቡን ገልጦ፥ አሽትቶ ይገዛል። ይህ ልማድ የበሰበሰውን ለመለየት ይረዳል፤ ባዜቃን ግን አፍንጫ አያገኘውም፥ እሳትም ከሥጋው አያወጣውም።

የባዜቃ ክፋት ጎልቶ የታየው በጃፓን አገር በሚናማታ ነው። በዚያ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ባዜቃ ያለበትን እድፍ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። አስቀድሞ ዓሣውን የበሉ ድመቶች አብደው ሞቱ፤ ሰዎችንም መንቀጥቀጥ ያዛቸው። በሽታው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ታወቀ፤ መንግሥት ምክንያቱ የፋብሪካው እድፍ መሆኑን ያመነው ግን በ1968 ዓ.ም. ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ራሳቸው እምብዛም ሳይታመሙ አካላቸውና አእምሯቸው የተጎዳ ልጆች የወለዱ እናቶች መኖራቸው ነው።

እንዲህ ያለ ፋብሪካ በሌለበትም ባሕር፥ ትልቁ ዓሣ ትንሹን በበላ ቁጥር ባዜቃው በሥጋው ይከማቻል። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገ ምርመራ፥ ዓሣ በሚበላው በአንዳንዱ ትልቅ ቢልጫ ውስጥ ባዜቃው በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም አልፎ ተገኝቷል፤ የቆሮሶው ግን እጅግ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከሻርክና ከትልቅ ቱና ይልቅ ሰርዲንን የመሰለ ትንሽ ዓሣ ቢመገቡ ይሻላል። ዓሣን ፈጽሞ መተው ግን ሌላ ጉዳት ነው። የወደቡ ሹማምንትም ትልልቁን ዓሣ በየጊዜው ሊያስመረምሩ ይገባል፤ በ2018 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ለቱና የወሰነው ልክ በኪሎ 1.2፥ ለሻርክ 1.6 ሚሊግራም ነው።