የግድብ ጥቅምና ዋጋ



ሒሳብ መርማሪ ገቢውን ብቻ አይቶ መዝገብ እንደማይዘጋ የታወቀ ነው። የግድብም ነገር እንዲሁ ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ፣ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተገትቶ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኗል፤ ሐይቁም ዓሣ ይሰጣል። ይህ ገቢው ነው። ወጪው ግን የግንባታው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቆቃን ግድብ ተመልከቱ፤ ለመብራት፣ ለመስኖና ለጎርፍ መከላከያ ሲያገለግል ሳለ፣ የውኃውን ቦታ ከፊሉን ደለል ወስዶበታል።

የሙጃ ገበሬ ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ ከማሳው ታጥቦ ሲሄድ ያያል። ያ አፈር ለእርሱ የቀረ እህል ነው፤ ለግድቡም ደለል ነው። እርከን ክቦ የሚያስቀረው ይኸው ገበሬ ነው፤ ድካሙን ግን ማን ይከፍለዋል?

እንግዲህ በጀት የምታዘጋጁ ወገኖቼ ሆይ፤ የእርከኑና የችግኙ ወጪ ከሲሚንቶው ወጪ ጋር በአንድ መዝገብ ይግባ። ከመብራቱም ገቢ ጥቂቱ ወደ ደጋው ይመለስ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሥራ ዋጋ ነው። ግድብ የሚጠበቀው ከግርጌው ሳይሆን ከራስጌው ነውና።