ከሁለት ውሾች ጋር የዋልንበት የዕረፍት ቀን

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሁለት እህትማማች አባላት የቀረበ ንግግር)

ጸሐፊያችን «ስለ ጉዟችሁ ትንሽ አውሩልን» ስትለን ቶሎ እሺ ያልነው ፎቶ አሳይተን፣ ቡና ጠጥተን የምንወጣ መስሎን ነበር። ጽፋችሁ ኑ ስንባል ግን ተቀምጠን አሰብን። ከዘጠኙ ቀን ውስጥ ልናወራው የፈለግነው አንዱን ቀን ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ ያውም ጉዟችንን ያልቀጠልንበትን ቀን።

መጀመሪያ መኪናውን እናስተዋውቃችሁ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቤት ነው። እኛ የተከራየነው ትንሹን ነው፤ ለእሱ ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ከሥሩ ሦስት ማጠራቀሚያዎች አሉት። አንዱ ንጹሕ ውኃ ይይዛል። ሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ የሚጠራቀምበት ነው፤ ግራጫው ይሉታል። ሦስተኛው የመጸዳጃው ሲሆን ጥቁሩ ይባላል። ስለ ጥቁሩ ኋላ እንመለስበታለን፤ አሁን ምግብ የያዛችሁ አላችሁ።

በአውሮፕላን ያልሄድነው በውሾቹ ምክንያት ነው። ቡቺን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አውሮራ ያደገ ነው። ዴዚ ግን አሮጊት ናት። ከእኛ አንዷ አራት ዓመት ያስታመመቻቸው አሜሪካዊት እናት ሲሞቱ ውሻይቱ ወደ እንስሳት መጠለያ ልትወሰድ ሆነ፤ እኛ ጋ መጣች። ላስ ቬጋስ ያለው የወንድማችን ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ምረቃዋ ላይ መገኘት ነበረብን። ሁለቱን ውሾች ለዘጠኝ ቀን የሚያሳድር ቤት የጠየቀንን ዋጋ ስንሰማ ደነገጥን። ያደግነው ውሻ ደጅ በሚያድርበት ቤት ነው። እናታችን ዴዚ ከትራሳችን አጠገብ ተኝታ ብታይ ኖሮ ጠበል ታስረጨን ነበር።

ምረቃው አማረ፤ እሱን እንለፈው። ስንመለስ ግን ተጣደፍን። በመጀመሪያው ቀን ከላስ ቬጋስ ግራንድ ካንየን ገባን። እዚያ ውሻ በገደሉ አናት ባለው መንገድ ላይ ታስሮ መሄድ ይፈቀድለታል፣ ወደ ገደሉ ውስጥ ግን መውረድ አይችልም፤ ስለዚህ ከላይ ሆነን አየነው። ማታ ከጎናችን የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ስለ ሦስቱ ሦስቶች ነገሩን። በቀን ከ300 ማይል በላይ አትንዱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ድረሱ (በእነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት መሆኑ ነው)፣ በደረሳችሁበትም ሦስት ሌሊት እደሩ። አመስግነናቸው ገብተን ሳቅን። ሦስት ሌሊት! ማን ሥራ ያስፈቅደናል?

በማግስቱ ኮርቴዝ አደርን። በሦስተኛው ቀን ዎልፍ ክሪክ የሚባለውን፣ ወደ 3,300 ሜትር ከፍ የሚለውን ተራራ ተሻግረን ሳን ልዊስ ሸለቆ ገባን። ይህ ሸለቆ በኮሎራዶ ደቡብ ነው። ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፣ ድንችና ገብስ ይዘራበታል። ብርዱም፣ የአየሩም ሽታ የአገር ቤት ነው። ከፓርኩ ውጭ ካለ የካምፕ ሥፍራ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በሩን ስንከፍት ቡቺ ዘሎ ወረደ። ዴዚ ግን ተነሽ ብንላት ዓይኗን ብቻ አዞረችብን። ያንን አስተያየት እናውቀዋለን፤ ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣች ሴት አስተያየት ነው። እንግዲህ ቤታችን ለመግባት የአምስት ሰዓት መንገድ ቢቀረንም ነገ አንነዳም፣ ነገ እናርፋለን ተባባልን።

እንዴት እንዳረፍን ስሙ።

ሌሊት 11 ሰዓት ነቃን፤ ለሥራ የምንነሳበት ሰዓት ነው። አንዷ ጥቁሩንና ግራጫውን ማጠራቀሚያ ደፋች፣ ሌላዋ አንሶላና የውሾቹን ምንጣፍ አጠበች። ረቡዕ ስለነበር ምስር ተጣደ። ወለሉ ተጠረገ፣ ቡቺ ተበጠረ፣ የዴዚ ጥፍር ተቆረጠ። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ የሚሠራ ነገር ሲጠፋ ተያየን። ያን ጊዜ «ቀኑ ከሚባክን» ብለን ወደ አሸዋው ተነሣን።

አሸዋው በእውነት የሚያስገርም ነው። በበረዷማ ተራሮች ሥር የተቆለለ አሸዋ ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ የአሸዋ ክምሮች ሁሉ የሚበልጠው እዚያ ነው፣ ከፍታው 225 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ውሻ ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ ታስሮ በመግቢያው አካባቢ መሄድ ይፈቀድለታል። እኛ ጫማ አድርገናል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር አሸዋው ይግላል ብለን አላሰብንም። ግን ፀሐይ ሲበረታ የላዩ አሸዋ በበጋ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሽቅብ ስንወጣ ቡቺ አንዱን እግሩን አነሣ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ዴዚ ቁጭ አለች፤ የመቀመጫዋም ቦታ ሲያቃጥላት ተነሥታ ጮኸች። እስከዚያች ቀን ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም ማለት ይቻላል።

ውሻ ያላችሁ ይህን ያዙልን። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጉ፤ ሰባት ሰከንድ መታገሥ ካቃታችሁ ለውሻም መዳፍ አይሆንም። አስፋልትም ቢሆን ያው ነው። እኛ ይህን የሰማነው ከዚያ በኋላ፣ በስልክ ከጠየቅነው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ዴዚን ተሸክመን ወረድን። ሃያ ኪሎ ናት፤ አሸዋው ወደ ኋላ ይጎትታል። ከሥር ሜዳኖ የሚባል ጅረት አለ። የተራራው በረዶ ሲቀልጥ የሚፈስ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያህል ውኃ ነው። ውሾቹን መዳፋቸው እንዲቀዘቅዝ እዚያ አቆምናቸው፣ እኛም አጠገባቸው ቁጭ አልን። በጅረቱ ሥር አሸዋው ትንሽ ትንሽ ግድብ እየሠራ ውኃውን ያቆረዋል፤ ግድቡ ሲናድ ማዕበል ይመጣል። ሕፃናት ይጠብቁትና ይጮኻሉ። ልብሳችን ራሰ። መሄድ አንችልም፤ ዴዚ መራመድ አልቻለችም፣ እኛም ደግመን የምንሸከምበት ጉልበት አልነበረንም። የምንሠራው ነገር ጠፋ።

እናታችንን ያነሣነው ያን ጊዜ ነው። በማርያም ዕለት አባታችን በሬዎቹን አይጠምድም። እናታችንም አትፈጭም፤ ክልክል ነው። የበዓሉን እህል ግን በዋዜማው ሌሊት ፈጭታ ታድራለች። በዓሉ ሲነጋ ውኃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። በሬዎቹ ሲያርፉ አይተናል። እሷን ተቀምጣ ያየንባት ቀን ካለች ታማ ነው።

ከዚያ አንዳችን «አንቺ ፓስፖርት ነበረሽ» አለች።

እናታችን ስታርፍ ከእኛ አንዷ ወረቀቷ ገና አላለቀም ነበር። ሌላዋ መሄድ ትችል ነበር፣ አልሄደችም። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አንነግራችሁም። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፣ እናንተም መጥታችሁ አጽናናችሁን፣ ንፍሮ ቀቀላችሁልን፤ በአራተኛው ቀን ሁለታችንም ሥራ ገባን። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ይህን ጉዳይ አላነሣነውም። ጊዜ አልነበረንም እንል ነበር። አሁን ስናየው፣ ጊዜ እንዳይኖረን ስንሠራ ነበር።

«የትኬቱን ገንዘብ ለሆስፒታሉ ልኬው ነበር። ቶሎ ትድናለች ብለውኝ» አለች ያችኛዋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ? አንቺ ማታ ትገቢያለሽ፣ እኔ ጧት እወጣለሁ።»

አለቀስን። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሻችሁም፤ ስድስት ዓመት የተቀየመ ልብ በአንድ ከሰዓት አይጸዳም፣ ከዚያ ወዲህም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። ግን አሁን የምንጣላው በግልጽ ነው። አንዲት ነጭ ሴትዮ አይታን ውሻው የሞተብን መስሏት ብርቱካን ሰጠችን። ሁለት ብርቱካን። በላነው።

በዚህ መካከል የአንዷ ስልክ ጮኸ፤ ከሥራ ቦታ ነው። ነገ ማታ የምትገባ ሰው ጠፍታለች፣ ትመጪያለሽ? የተለመደው መልስ አዎ ነው። ሌላዋ ስልኩን ቀምታ ማጥፋት ፈልጋ ነበር፣ ግን አልቀማችም። ባለ ስልኳ ራሷ «አልችልም፣ ዕረፍት ላይ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዚህች አንዲት ቃል ይህን ያህል መንቀጥቀጥ ምን ይባላል? ከእናንተ ውስጥ የምታውቁት ብዙ ናችሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዴዚ ተነሥታ በራሷ እግር ወደ መኪናው ሄደች። መዳፏ ቀልቷል እንጂ አልቆሰለም። እንዳትልሰው ንጹሕ ካልሲ አጠለቅንላት። ምስሩ ቀዝቅዞ ነበር፣ አላሞቅነውም። አንሶላውንም ሳንተኩስ አነጠፍነው። ሁለተኛዋን ሌሊት እዚያው አደርን፤ ሦስተኛዋን ግን አልደፈርንም።

የኪራዩን ዋጋ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ለስድስት ሰው የሚሆነው መኪና ሲከፋፈል አቅም የሚፈቅደው ነው። ስለዚህ በመጪው ዓመት በእቁብ መልክ እንሰብስብ የሚል ሐሳብ ለሰብሳቢዋ አቅርበናል። ውሻ የምትፈራ ቀድማ ትንገረን። ስለ ጥቁሩ ማጠራቀሚያ አደፋፍ የምትጠይቁ ደግሞ አሁኑኑ ጠይቁን፤ ቡናው ከቀረበ በኋላ አንመልስም።