ስለ ድረ ገጽ ሥራና ስለ ደንቡ በበዓላችን ቀን የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነውም ነገር የድረ ገጽ ሥራ ደንብ ነው። እዚህ ከተቀመጡት ታላላቆቻችን አንዳንዶቹ በዚሁ ሙያ እንጀራቸውን የሚበሉ ስለ ሆኑ፥ ስንሳሳት እንዲያርሙን እንለምናለን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። ዓለምን የሚያገናኘውም ድር ኀይሉ የመጣው ከማበሩ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሴርን የምርምር ተቋም ሲሠራ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ሐሳቡን አቀረበ። ሴርንም በ1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በ1994 ያው ሊቅ የድርን ደንብ በስምምነት የሚያወጣውን ማኅበር፥ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየምን አቋቋመ።

ፊደላችን ግን በኮምፒዩተር ዓለም ስምምነት ውስጥ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ፊደሎቹን በላቲን ፊደል ቦታ እየተኩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ተራ ያስቀምጡ ነበርና፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆን ነበር። እንደ ባቢሎን ግንበኞች ሁሉም ይናገራል፥ የሚሰማ ግን የለም። ለፊደሎች ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ስምምነት 3.0 እትም በ1999 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ፤ በ2005ም ለሰባት ቤት ጉራጌና ለብሌን ቋንቋ የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ።

አሁን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ለዚህ በዓል ከትምህርት ቤቱ የወጡትን ተማሪዎች ስም የያዘ ድረ ገጽ ሠራን። በኛ ኮምፒዩተር ላይ ያማረ ነበር፤ በሌላ ሲከፈት ግን አንዲቱ «ሀ» ሦስት እንግዳ ምልክቶች ሆና ታየች። በኋላ እንደ ተረዳነው፥ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የፊደላችን ሆሄ በሦስት ባይት ይቀመጣል፤ የአጻጻፉን ዓይነት በገጹ ላይ ስላላስታወቅን፥ ያ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ቈጠረው። እኛም ምክንያቱን ሳንመረምር፥ በጥድፊያ ዝርዝሩን ፎቶግራፍ አንሥተን ሥዕሉን ለጠፍን። ለዓይን መልካም ሆነ።

ነገር ግን ከኛ ጋር የሚማር አንድ ዓይነ ስውር ወንድማችን፥ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም የታላቅ እኅቱን ስም ሲፈልግ፥ ፕሮግራሙ «ሥዕል» ብሎ ዝም አለ። ወንድማችንም፥ «እናንተ ያያችሁትን እኔ መቼ ልሰማው ነው?» አለን። የምንመልሰው አጣን።

በዚያው ማታ ሥራውን እንደ ገና ጀመርን። አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ደንቡ እንደሚያዘው በገጹ ራስ፥ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ አስታወቅን። ስሞቹን በፊደል ጻፍን። ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ገለጽን፤ የሚያነበው ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ ድምፅ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነውና። ለየፎቶግራፉም የቃል መግለጫ አደረግንለት። በመጨረሻም ማኅበሩ በነጻ ባቀረበው መመርመሪያ ገጹን ብንፈትነው፥ ከፍተን ሳንዘጋ የተውናቸውን ምልክቶች በየመስመሩ አሳየን፤ አረምናቸውም። በማግሥቱ ወንድማችን የእኅቱን ስም ሰማ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ሁሉ አሰማ።

እንግዲህ ታላላቆቻችን ሆይ፥ «በኔ ኮምፒዩተር ይታያል» የሚል ሠራተኛ ሥራውን ገና አልጨረሰም። ገጹን በሌላ ሰው ስልክና ኮምፒዩተር ይክፈተው፤ ማየት ለማይችል ሰውም ያሰማው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እኛን አያውቁንም፤ ደንባቸውን በጠበቅን ጊዜ ግን ስማችን ለወንድማችን ደረሰ። እኛም ነገ የማናውቀው ሰው የሚያነበውን ስንሠራ ይህን እንዳንረሳ ለራሳችን ቃል ገብተናል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።