የቤተ ሰብ ቀለብ በሳምንት ሲታቀድ
(በሮቤ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው አሳብ ስለ ቀለብ ነው። ጉዳዩ የእናቶች ብቻ ነው እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል። ነገር ግን ነገ ደመወዝ ተቀብለን ቤት የምናቆም ሁላችንም ነን፤ ወሩ ሳይጋመስ ገንዘቡ አልቆ የልጅ ወተት የሚቋረጥበት ቤትም ለማናችን እንግዳ አይደለም።

የሮቤ፣ የሲናናና የጎባ ደጋ የስንዴና የገብስ፣ የባቄላና የአተር አገር ነው። ዝናሙ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ገበሬው «ጋና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች በዓመት ሁለቴ ያመርታል። ይህ ሁሉ እያለ የከተማው ሰው ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ጤፍ በየቀኑ በኪሎ ይገዛል። ከዚሁ የሄደው የማካሮኒ ስንዴም ታሽጎ ሲመለስ የጭነቱንና የፋብሪካውን ዋጋ ጨምረን እንከፍላለን።

ስለዚህ ዕቅዱ ከእህሉ ይጀምር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል መድቧል። ይህን መነሻ ብናደርግ አምስት ሰው ላለበት ቤት በወር 75 ኪሎ፣ በሳምንት 17 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት ያንሰዋል። «ኩንታል መግዣ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በመኸር ጊዜ አንድ ኩንታል ገዝተው ይካፈሉ፤ ዕቁብ የለመደ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

የሳምንቱም ገበታ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ለቁርስ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ ወይም የስንዴ ቂጣ፤ ለምሳ ጤፍና ገብስ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ፤ ወጡም በሁለት ቀን ሽሮ፣ በሁለት ቀን የአተር ክክ፣ በቀሩት ቀኖች ድንችና ጎመን። ለማታ ከምሳ የተረፈው ይበላል፤ ንፍሮም ይጨመርበታል። እህልና ጥራጥሬ አብረው መበላታቸው በከንቱ አይደለም፤ በስንዴና በገብስ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በባቄላና በአተር ይሟላል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት በእነዚያ ቀኖች ከቅቤና ከሥጋ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሕፃናቱ እንቁላል ያውለው። ረመዳንን የሚጾመውም ቤት ለማፍጠሪያ የሚሆነውን የሾርባ እህልና ተምር አስቀድሞ በዕቅዱ ያግባ።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ገንዘብ ሲያጥር በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚቀነሰው የሕፃናቱ ወተትና እንቁላል ነው፤ ስኳሩና ለስላሳው መጠጥ ግን አይነካም። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እንላለን። መጀመሪያ እህል፣ ጥራጥሬና የወፍጮ ዋጋ፤ ሁለተኛ የሕፃናቱ ወተትና እንቁላል፤ ሦስተኛ ዘይት፣ ሽንኩርትና በርበሬ፤ ሌላው ሁሉ ከተረፈ ይገዛ።

ደብተሩንም ባልና ሚስት አብረው ይያዙት። አስቤዛ ሰጥቶ የሚወጣ ባል የሽንኩርትን ዋጋ ካላወቀ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሚስቱን ከመውቀስ አይድንም። እኛም በኪራይ ቤት ተሰባስበን የምንኖር ተማሪዎች በመጪው ሳምንት ደብተሩን እንጀምር።