ይህን ሁሉ ነዳጅ የሚከፍለው ማን ነው?

(ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በነጻነት ቀን ልጆቹን ይዘን ቴል አቪቭ ባሕር ዳር እንወርዳለን። መንገዱ ይጨናነቃል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ግን የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች ብቅ ሲሉ ድካሙ ሁሉ ይረሳል። ሕፃኑም አያቱም እኩል አንገታቸውን ያቀናሉ። ቲኬት የለ፣ ወረፋ የለ።

ዘንድሮ አንድ ልጅ «ይህን ሁሉ ነዳጅ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ትልቅ ጥያቄ ነው።

እዚህ የምንከፍለው እኛው ነን፣ በግብራችን። አየር ኃይሉም የሚያገኘው አለ፤ የሕዝብ ፍቅርና «እኔም!» የሚል ወጣት። ሌላ አገር ግን የአውሮፕላን ትርኢት በግልጽ ገበያ ነው። በ1909 የተጀመረው የፓሪስ ትርኢት ዛሬ ለ ቡርዤ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ በሁለት ዓመት አንዴ ይደረጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለነጋዴዎች ናቸው፤ ሕዝቡ ቲኬት ገዝቶ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሰማይ ላይ የሚገለባበጠው አብራሪ እየተጫወተ አይደለም፣ ዕቃውን ለገዢ እያሳየ ነው። በ2023 የህንዱ ኢንዲጎ አየር መንገድ እዚያ 500 የኤርባስ አውሮፕላኖች አዘዘ። በዚያው ዓመት በዱባዩ ትርኢት ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 20 ቦይንግ 737 ማክስና 11 ድሪምላይነር ለመግዛት ተስማማ።

ይህን ለምን እንነግራችኋለን? ብዙዎቻችን አውሮፕላን ውስጥ መጀመሪያ የገባነው በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን ተጓዝን። ያን ጊዜ ተሳፋሪዎች ነበርን። ዛሬ ልጆቻችን ተመልካች ብቻ ሆነው እንዲቀሩ አንፈልግም።

ልጅ «አብራሪ እሆናለሁ» ሲል ደስ ይለናል። ኮርሱን ካላለፈ ግን ነገሩ አበቃለት እንላለን። ተሳስተናል። ከአንድ አብራሪ ኋላ መካኒክ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የበረራ ተቆጣጣሪ አለ፣ ውል የሚጽፍ ጠበቃና ገዢ የሚያግባባ የሽያጭ ሠራተኛ አለ። በ2021 የእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦይንግ 767 የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወደ ጭነት አውሮፕላን የሚቀይር ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ለማቋቋም ተስማምተዋል። እንዲህ ያለ ውል ሲዋዋሉ ዕብራይስጥም አማርኛም የሚችል ባለሙያ መካከላቸው ቢቀመጥ፣ ጥቅሙ ለማን ይጠፋዋል?

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ቤት ውስጥ ልጆቹን በአማርኛ አናግሯቸው፤ ሀብታቸው ነው። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን በአምስት ዬሂዶት ያዙ፤ ከበዳችሁ ብላችሁ አትተዉት፣ የማኅበራችን በር ክፍት ነው፣ አብረን እናጠናለን።

ለሚመጣው ነጻነት ቀን ያድርሰን። ቀና ብላችሁ እዩ፣ አጨብጭቡ፣ ተደሰቱ። ወደ ቤት ስትመለሱ ግን እንደዚያ ልጅ ጠይቁ፦ ማን ከፈለ? ማን ሠራው? እኔስ የት ቦታ እገባለሁ?