የብሎኬት መደብ ታቹ አይደፈን

(የማኅበራችን ጸሐፊ በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ላልተገኙት አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጓሮ አትክልት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብኝ። አምና እዚሁ ቆሜ «በብሎኬት መደብ ሥሩ፣ ታቹንም በሲሚንቶ ለስኑት» ብዬ የመከርኳችሁ እኔው ነኝ። የሰሙኝ አራት ቤቶች ገንዘባቸውን አወጡ። ነሐሴ ላይ ጎመኑ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩም በሰበሰ። የእኔም እንደዚያው ሆነ። ጥፋቱ የብሎኬቱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኛ ያለንበት የአቃቂ መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከፍ ያለ መደብ የሚሠራውም የተክሉ ሥር ከዚያ ውኃ በላይ እንዲሆን፣ የተረፈውም ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ታቹን ስንደፍነው ግን መደቡ ገንዳ ሆነ። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ታፍኖ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ መግዛታችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው።

በመጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጦ መሬቱን በዶማ ማላላት ነው። ብሎኬቱ የሚያርፍበት ዙሪያ ብቻ ይጠቅጠቅና በውኃ ልክ ይስተካከል። ብሎኬቱ 40 ሳንቲ ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ከፍታና 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ይሁን። መደቡ ከውጭ ሲለካ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20 ከሆነ አንዱ ዙር 16 ብሎኬት ይፈጃል፤ ሁለት ዙር ሲሆን 32 ማለት ነው። የላይኛው ዙር የታችኛውን መጋጠሚያ እየሸፈነ ይደርደር። ማያያዣ ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ በአራቱ ማዕዘን በቀዳዳው በኩል ቁራጭ ፌሮ መሬት ድረስ መምታት ይበቃል። ስፋቱን ግን አታብዙት። ከሁለቱም ወገን እጅ መሀል ድረስ ከደረሰ ማንም ገብቶ አፈሩን አይረግጠውም።

ውስጡ በ20 ሊትር ባልዲ 32 ባልዲ አፈር ይይዛል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አፈሩ ሲሰነብት ስለሚሰጥም ከላይ እየጨመሩ መሙላት ነው። በዚህ መደብ ጎመን በ40 ሳንቲ ርቀት ቢተከል 10 እግር ይይዛል፤ ከታች ከታች ቅጠሉን ከለቀማችሁለት ብዙ ጊዜ ያበላል። የብሎኬቱ ቀዳዳ ቶሎ ስለሚደርቅ እዚያ ጤና አዳምና ጦስኝ ይስማማዋል።

ስለ ውኃው አደራ እላለሁ፤ ከወንዙ እንዳትቀዱ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ይዞ እንደሚወርድ በዓይናችን የምናየው ነው። ከጓሮ ለቅሞ የመብላት ትልቁ ጥቅም ጎመኑ ምን ጠጥቶ እንዳደገ ማወቃችን ነው።

አምና የሠራችሁ ሰዎች መደቡን አታፍርሱት። አፈሩን አውጥታችሁ የታቹን ልስን መስበር ብቻ ነው። የእኔን ሰብሬዋለሁ፤ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና መሮ ይዤ ወደ አራቱም ቤት እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የምገባው ረዳት ከሌላቸው እናታችን ዘንድ ነው። ጉልበት ያለው ልጅ አካፋ ይዞ ቢከተለኝ ደስ ይለኛል።

ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሰው።