የኳርል ድርሻ፤ የልዩ ልዩ ሕዝቦች አቀራረብ በቀደሙት የስለላ ፊልሞች
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የስለላ ፊልም ተመልካቹን ከአገር ወደ አገር እያዘዋወረ ያዝናናል። ይሁን እንጂ በሚያሳየው ዓለም ውስጥ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ አብሮ ያስተምራል። ትምህርቱም በጨዋታ መልክ ስለሚመጣ ያለ ጥያቄ ተቀባይነት ያገኛል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የጄምስ ቦንድ ፊልሞች በኵር የሆነው «ዶክተር ኖ» ነው።

የፊልሙ የውጭ ትዕይንቶች በብዛት የተቀረጹት በጃማይካ ሲሆን፣ ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጃማይካ ከብሪታንያ አገዛዝ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን ነበር። የሁለት ወር ልዩነት ብቻ መሆኑ ነው። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ምስጢሩን የሚመረምሩት ነጮች ናቸው። ቦንድን በጀልባ ወደ ደሴቱ የሚወስደው ኳርል ባሕሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጥቁር ጀልበኛ ቢሆንም፣ ዘንዶ የሚፈራ የዋህ ሆኖ ይታያል፤ ጫማ እንዲያቀብል ይታዘዛል፤ በመጨረሻም ዘንዶ መስሎ የተሠራ ተሽከርካሪ በሚተፋው እሳት ተቃጥሎ ይሞታል።

ይህን ድርሻ የተጫወተው ጆን ኪትስሚለር የአሜሪካ ተወላጅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአገሩ ጦር ጋር ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በዚያው ተዋናይ ሆነ። በ1957 «የሰላም ሸለቆ» በተባለው የዩጎዝላቪያ ፊልም በካን ፌስቲቫል የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማትን ተቀበለ፤ ለዚህ ክብር ከጥቁሮች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የተሰጠው ግን የኳርል ድርሻ ነበር። እንግዲህ ጉድለቱ የድርሰቱ እንጂ የተዋናዩ አልነበረም።

በዚሁ ፊልም እናቱ ቻይናዊት የሆነችውን ዶክተር ኖን ጆሴፍ ዋይዝማን፣ ሚስ ታሮንም ዜና ማርሻል ተጫውተዋል። ሁለቱም ነጮች በመሆናቸው እስያዊ እንዲመስሉ የፊት ቅብ አስፈልጓቸዋል።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚል ማመካኛ ይሰማል። ነገር ግን ከ1966 እስከ 1973 በታየው «ሚሽን ኢምፖሲብል» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም፣ ጥቁሩ ተዋናይ ግሬግ ሞሪስ ባርኒ ኮሊየር የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ሆኖ ሠርቷል። የቡድኑ ዕቅድ የሚሳካው በእርሱ ዕውቀት ነበር። ስለዚህ ያው ዘመን ሌላ ምርጫም ነበረው።

በ1973 «ሊቭ ኤንድ ሌት ዳይ» ለያፌት ኮቶ ትልቅ ድርሻ ቢሰጥም፣ ድርሻው የአደንዛዥ ዕፅ አለቃ ነበር። የድርሻ ብዛት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። የቦንድ መለያ የሆነው 007 ቁጥር ከጃማይካ ቤተሰብ ለተወለደችው ለላሻና ሊንች ገጸ ባሕርይ ሲሰጥ የታየው በ2021 ነው።

እንግዲህ ድርሰት የሚመርጥና ተዋናይ የሚመድብ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ይኸውም ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር ለታሪኩ ያስፈልጋል ወይስ የሚያስፈልገው ሞቱ ብቻ ነው? የሚል ነው። ኪትስሚለር በ1965 ሲያርፍ ይህ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም ነበር።